የየኔታ ፈቃድ

የየኔታ እግር እንዲቆረጥ ያደረግሁት እኔ ነኝ። ሐኪሙ አይደለም፤ እሱ ሥራውን ነው የሠራ። ልጃቸውም አይደለችም፤ እሷ አባቷ እንዳይሞትባት ማልቀሷ ነው። የነፍስ አባታቸውን የሚያማ ሰው አለ፤ እሳቸውም አይደሉም። ነገሩን ያሰብሁት፣ መንገዱን የሄድሁት፣ ሰው ያሳመንሁት፣ መዋሸት ሲያስፈልግም የዋሸሁት እኔ ነኝ። አሁን በወረቀት ላይ ሳሰፍረው እንዴት ቀላል ነው! መናገር በነበረብኝ ሰዓት ግን አፌ ሌላ ተናገረ።

ሰቆጣ ከተማ ውስጥ የሁለተኛ ደረጃ መምህር ነኝ፤ የዜግነት ትምህርት አስተምራለሁ። ከዚያ በፊት ስድስት ዓመት የቤተ ክርስቲያን ተማሪ ነበርሁ። ከከተማው ሁለት ሰዓት ሽቅብ በሚያስኬድ ደብር፣ በየኔታ ጉባኤ፣ የመጻሕፍት ትርጓሜ ተምሬአለሁ። የኔታ ሚስታቸው ከሞቱ በኋላ የመነኮሱ ቄስ ነበሩ፤ ከአንዲት ልጃቸው ጋር ከደብሩ አጥር ሥር ይኖራሉ። በቤታቸው የሚናገሩት የዋግን አገውኛ፣ ኽምጣናን ነው። ጉባኤ ላይ በአማርኛ ያስተምራሉ፤ ሲቆጡ ደግሞ ግዕዙ ይመጣል። እኛ ተማሪዎቹ ገና ከደጅ ሆነን በየትኛው ቋንቋ እንደሚያወሩ ሰምተን የዕለቱን አየር እናውቅ ነበር።

የትርጓሜ ጉባኤ እንዲህ ነው። አንዱ ተማሪ ያነባል፤ መምህሩ «አንድም» እያሉ ትርጉሙን ይደረድራሉ፤ ሌላው ይሰማል፣ ይጠይቃል። የኔታ «አንድም» ሲሉ ጣታቸውን ያነሣሉ። «እግዚአብሔር ቃሉን እንኳ በአንድ መንገድ ብቻ አላሰረብንም» ይሉ ነበር። ከትምህርታቸው ሁሉ እንቅልፍ የነሣን ግን ስለ ሰው ነጻ ፈቃድ የሚናገሩት ነው። እግዚአብሔር የማደርገውን ሳልወለድ ካወቀው እኔ ምኔ ነጻ ነው? ይህን ጥያቄ ከእኔ በፊት የጠየቀ ሰው ያለ አይመስለኝም ነበርና አንድ ቀን በትዕቢት ተነሥቼ ጠየቅሁ።

የኔታ ቁልቁለቱን በጣታቸው አሳዩኝ። ከታች ጭነት የጫነች አህያ ትመጣለች።

«ታያታለህ?»

«አያታለሁ የኔታ።»

«ወደ እኛ የምትመጣው አንተ ስላየሃት ነው?»

ጉባኤው ሳቀብኝ። እኔም ሽንፈት አልወድምና «አህያዋን የፈጠርኋት እኔ ብሆንስ የኔታ?» አልሁ። ሳቁ ቆመ። የኔታ ግን ቆባቸው እስኪንሸራተት ሳቁ። «ይህን ነገ እመልስልሃለሁ» አሉ። በነጋታው እንደተቀመጥን ሌላ ሳይናገሩ «ሳስበው አደርሁ፤ አልተመለሰልኝም» አሉና ማንበቡን እንድቀጥል አዘዙኝ። በዚያች ቀን ነው የወደድኋቸው። አላውቅም የሚል መምህር ከዚያ በፊት አላጋጠመኝም ነበር።

የማይለወጥ አንድ ነገር ግን ነበራቸው። ልቡና መብራት ነው ይሉናል፤ ፈቃድ ግን እግር ነው። መብራት ያሳያል እንጂ አይሄድም። ሰው ጉድጓዱን በደንብ እያየ ይገባበታል፤ ገብቶም «ጨልሞብኝ ነው» ይላል። የኔታ የሚጠሉት ይህችን ቃል ነበር። ጨልሞብኝ ነው፣ ገፍተውኝ ነው፣ ሳልወድ ነው የሚል ሰው አይሆንላቸውም።

እንዴት እንደማይሆንላቸው በራሴ ቀምሼዋለሁ። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ጠፍቼ ሰቆጣ ወረድሁ፤ ቪዲዮ ቤት ገብተን የአውሮፓ ክለቦች ኳስ አየን። በዚያ ቀን የማነበው እኔ ስለነበርሁ ጉባኤው ሲጠብቀኝ ዋለ። ስመለስ የኔታ በር ላይ ቆመው ነበር።

«ጓደኞቼ ጎትተውኝ ነው የኔታ። ሳልወድ ነው የሄድሁ። ይፍቱኝ።»

«አስረው ነው የወሰዱህ?»

«የለም።»

«ተሸክመውህ ነው?»

«የለም የኔታ።»

«እንግዲያ ሳልወድ ካልህ ይሁንልህ። ያለ ፈቃዱ የሠራ ሰው ጥፋት የለበትም። ጥፋት የሌለበትን ከምን እፈታዋለሁ? ሂድ፣ ራትህን ብላ።»

አልተቆጡም። ሰላምታዬን ይመልሳሉ፤ ምግብ ሲቀርብ ይጠሩኛል። ማንበቡን ግን ለሌላ ሰጡት፤ እኔን አይጠይቁኝም፣ አያርሙኝም። ፍየል ማሳ ብትገባ ማን ይቀየማታል? እኔም እንደዚያች ፍየል ሆንሁ። ሦስት ቀን ቻልሁት። በሦስተኛው ቀን ሄጄ «ፈልጌ ነው የሄድሁ። ኳሱን ከጉባኤው አስበልጬ ነው» አልሁ። ወዲያው ተነሡ፤ መስቀላቸውን ግንባሬ ላይ አድርገው «እግዚአብሔር ይፍታህ። አሁን ሰው ሆንህ» አሉኝ። ቀጥለውም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ማን አሸነፈ?» ብለው ጠየቁኝ።

ከጉባኤው ወጥቼ ዩኒቨርሲቲ ስገባ አልተቀየሙኝም። እዚያ በአንድ የፍልስፍና ትምህርት ላይ በመካከለኛው ዘመን የነበሩ የአውሮፓ መነኮሳት ስለዚሁ ነገር ሲከራከሩ እንደኖሩ ተማርሁ። ገሚሱ ንጉሡ ልቡና ነው፣ ፈቃድ ተከታይ ነው ይላል፤ ገሚሱ የለም፣ ልቡና አማካሪ ነው እንጂ የሚወስነው ፈቃድ ነው ይላል። ለዕረፍት ስመጣ ሮጬ ለየኔታ ነገርኋቸው። «እነሱም ጉባኤ ነበራቸው በለኛ!» አሉ፤ ዘመድ እንዳገኘ ሰው ደስ አላቸው። ከሁለት እኩል የድርቆሽ ክምር መካከል ቆማ፣ የቱን እንደምትመርጥ ጠፍቷት በረሃብ ስለምትሞተው አህያም ነገርኋቸው። «ይህች አህያስ ዋግን አታውቅም» አሉ። «እዚህ አገር በሁለት ወገን ድርቆሽ አግኝታ የምታመነታ አህያ እኔ አላየሁም።»

ተመርቄ ሰቆጣ ከተመደብሁ ወዲህ በየቅዳሜው ሽቅቡን እወጣ ነበር። ሚስት አላገባሁም፤ ከመምህራኑም ጋር እምብዛም ነኝ፤ ስትከራከር ክፉ ነህ ይሉኛል። እውነታቸውን ነው። የኔታ ግን ስከራከራቸው ይደሰቱ ነበር። ጉባኤው በጦርነቱና በድርቁ ተበትኖ ሦስት ተማሪ ብቻ ቀርቶት ነበርና፣ እኔ ስመጣ «አራተኛው መጣ» ይላሉ።

ስኳር እንዳለባቸው ከታወቀ ቆይቷል። አንድ ክረምት መውጫ ላይ የቀኝ እግራቸው ትንሿ ጣት ቆሰለች። ስኳር እግር ያደነዝዛልና አላመማቸውም። ጠበል አፈሰሱበት፣ ማር ቀቡት፣ በጨርቅ ጠመጠሙት፤ በዚያው እግር ቆመው ቀደሱ፣ ማኅሌት ቆሙ። እኔም በየቅዳሜው ጨርቁን አይቻለሁ፤ «ምንድን ነው?» ብዬ «ትሽራለች» ሲሉኝ አልፌአለሁ። ልጃቸው ሽታው አስደንግጧት በግድ ስትፈታው ሁለት ጣቶቻቸው ጠቁረዋል። ደወለችልኝ። የሰፈሩ ሰዎች በቃሬዛ እስከ መኪና መንገዱ አወረዷቸው፤ ከዚያ በባጃጅ ሆስፒታል አደረስናቸው።

ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ከሌላ አገር የመጣ፣ ትሑት። እኔንና ልጃቸውን ኮሪደር ላይ አውጥቶ አልሸሸገንም። ከጉልበት በታች መቆረጥ አለበት፤ በዚህ ሳምንት ካልተቆረጠ መርዙ ደማቸው ውስጥ ይገባል፣ ይሞታሉ። «ፈርመው ከፈቀዱ ነገ እሠራዋለሁ» አለ። «ካልፈቀዱ ግን አልነካቸውም። እግሩ የእሳቸው ነው።»

የኔታ እምቢ አሉ። ምክንያቱን ለሐኪሙ ያስረዳሁት እኔ ነኝ። በእኛ ቤተ ክርስቲያን አካሉ የጎደለ ቄስ መቅደስ ገብቶ አይቀድስም። ማስተማር ይችላል፣ መባረክ ይችላል፤ መቅደሱ ግን ቀርቶበታል። የኔታ ከወጣትነታቸው ጀምሮ ያለ ሕመም ቅዳሴ አስታጉለው አያውቁም። ሐኪሙ ራሱን ነቅንቆ «ያሳዝናል፤ ግን ሞት ነው» አለ። ልጃቸው እጄን ይዛ «ወንድምዓለም፣ አንተን ነው የሚሰሙት። በጭቅጭቅም ቢሆን አሸንፍልኝ» አለችኝ።

ገባሁ። አልጋቸው አጠገብ ተቀመጥሁና እንደ ጉባኤው ጀመርሁ።

«ሕክምና አልጠላሁም» አሉ ገና አፌን ስከፍት። «መርፌውን ይውጉኝ፣ ኪኒኑን እውጣለሁ። መርዝ አልጠጣሁም፣ ገደል አልገባሁም። እግሬን ግን አልሰጥም። በሁለት እግሬ መቅደስ ገብቻለሁ፤ በሁለት እግሬ ልሂድ።»

«ጉባኤውስ የኔታ? ለማስተማር እግር አያስፈልግም።»

«እውነት ብለሃል።»

«ልጅዎስ?»

«እሷማ ታሳዝነኛለች።»

«እንግዲያ ልቡናዎ ምን ይላል?» አልሁ። ያዝኋቸው ብዬ ነበር።

«ልቡናዬማ ተቆረጥ ይላል» አሉ ምንም ሳይጨነቁ። «እንዳንተው ነው የሚያስበው። ፈቃዴ ግን እምቢ አለ። ሁለቱም የእኔ ናቸው፤ ከውጭ የመጣብኝ የለም። መብራት ያሳያል እንጂ አይሄድም ሲባል ስንት ዓመት ሰማህ?»

ሁለት ቀን ተከራከርኋቸው። ያላነሣሁት ነገር የለም። ያልሁት ሁሉ ትክክል እንደሆነ፣ ግን እንዳልወደዱት ይመልሱልኛል። ልቡናው ተሳስቶ ቢሆን እኔ አርመው ነበር። ልቡናቸው አልተሳሳተም፤ እያየ ነበር። ያን ጊዜ ነው የተናደድሁት። ንዴቴ ለእሳቸው ሕይወት ብቻ እንዳልነበር አሁን ልናገር። እሳቸው ሲሞቱ በዚህ ምድር ላይ የምከራከረው ሰው አይኖረኝም። ብቻዬን መቅረት ፈራሁ። ከዚያ ፍርሃት ላይ ፍቅር የሚል ስም ለጠፍሁበት።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት አምደወርቅ የሚሄድ ሚኒባስ ላይ ወጣሁ። የየኔታ የነፍስ አባት በደሃና በኩል፣ ከመኪናው ወርዶ ብዙ የሚያስኬድ የገጠር ደብር ውስጥ የሚያገለግሉ ሽማግሌ ቄስ ናቸው። ቅዳሴያቸውን ያውቃሉ፣ ሰውን በደንብ ይናዝዛሉ፤ ሊቅ አይደሉም። የኔታ አውቀው ነው የመረጧቸው። «ሊቅ ለሊቅ ሲናዘዝ ኃጢአቱን ትቶ ክርክር ይጀምራል» ይሉ ነበር።

የሄድሁት ግዝት ፍለጋ ነው። ግዝት ማለት ካህን በክህነት ሥልጣኑ «ይህን ብታደርግ፣ ያን ባታደርግ» ብሎ ሰውን ሲያስር ነው። እኛ አገር ከፍርድ ቤት መጥሪያ ይልቅ ይፈራል። ደም የተቃባ ቤተሰብ በግዝት ይቆማል፤ የሰው ከብት የነዳ በግዝት ይመልሳል። የጣሰ ሰው ቅዱስ ቁርባን የለውም፣ ጎረቤትም ይሸሸዋል። የነፍስ አባት በንስሐ ልጁ ላይ የሚጥለው ግዝት ደግሞ ከሁሉ ይከብዳል።

አባ የመጣሁበትን ሲሰሙ ክው አሉ። ያረፉበት ድንጋይ ላይ እንደተቀመጡ መቋሚያቸውን በሁለት እጃቸው ጨበጡ።

«ኧረ ልጄ! እኔ እሳቸውን? ዜማ ሲጠፋብኝ የሚያቀኑኝን? ምን ብዬ?»

«ይሞታሉ አባ።»

«ሞትስ ከእግዚአብሔር ነው። ግን ሰው የጠላውን...»

«የታመመ ሰው ፈቃዱም ይታመማል» አልኋቸው። «ፈቃዱ የታመመን ሰው የሌላ ሰው ልቡና ሊመራው ይገባል። ያን ጊዜ ማስገደድ ማስገደድ አይባልም።»

አባ ቀና ብለው አዩኝ። «ይህን ያስተማሩህ እሳቸው ናቸው?» አሉ።

«አዎ» አልሁ።

አላስተማሩኝም። ያን ሐሳብ ሚኒባሱ ውስጥ ነው ያበጀሁት። የኔታ ያስተማሩት ተቃራኒውን ነው፤ ሰይጣን እንኳ የሰውን ፈቃድ ማባበል እንጂ መስበር አይችልም ይሉ ነበር። አባ ግን ለየኔታ ቃል መከራከሪያ የላቸውም። ተነሡ፣ መስቀላቸውን ከነጠላቸው ሥር አደረጉ፣ «እንግዲያ እንሂድ» አሉ።

ሆስፒታል የደረስነው በማግሥቱ ረፋድ ላይ ነው። የኔታ ነቅተው ነበር። አባ በሩን አልፈው ሲገቡ አይተው ፈገግ አሉ፤ ሊጠይቋቸው የመጡ መስሏቸዋል። አባ አልጋው ግርጌ ቆሙ። መስቀላቸውን ከነጠላቸው ሥር አወጡ።

«የኔታ፣ ይቅር ይበሉኝ» አሉ። «ይህን እግር ካላስቆረጡ፣ በተሰጠኝ ሥልጣን ገዝቻለሁ።»

ልጃቸው ወድቃ የአባን ጉልበት ሳመች። የኔታ አባን አላዩም። እኔን አዩኝ። እንዲህ ያለ ነገር አባ ከራሳቸው እንደማያፈልቁ ያውቃሉ።

«መንገዱ እንዴት ነበር?» አሉኝ።

«ደህና ነበር የኔታ።»

«ደክሞሃል። ተቀመጥ።»

ሊከራከሩ ይችሉ ነበር። ያለ አግባብ የተጣለ ግዝት እንዴት እንደሚፈርስ ከእሳቸው በላይ የሚያውቅ በዋግ አልነበረም። በሁለት ቃል አባን ማሳፈር ይችላሉ። ግን ሊቁ ያልተማረውን ቄስ ግዝት ካፈረሱ፣ ከእንግዲህ ማን ግዝት ይፈራል? የተጋደለውን ማን ያስታርቀዋል? ይህን ሁሉ አስበው ዝም እንዳሉ ፊታቸው ላይ አነበብሁ። አንድ ያላሰብሁት መንገድ ቢኖር እዚህ ጋ ነበር፤ «አባ፣ ዋሽቼዎታለሁ» ብል ግዝቱ በዚያው ሰዓት ይነሣ ነበር። ተቀመጥ ሲሉኝ ተቀመጥሁ።

ሐኪሙ ወረቀቱን ይዞ መጣ። የፈቃድ ወረቀት ነው የሚሉት። ጎንበስ ብሎ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ጠየቃቸው።

«የኔታ፣ በራስዎ ፈቃድ ነው? ማንም አላስገደደዎትም?»

እውነቱን ቢናገሩ ሐኪሙ አይቆርጥም፤ ካልተቆረጠ ግዝቱ ይጣሳል። የኔታ ወረቀቱን ትንሽ አዩት።

«አዎ» አሉ። «በፈቃዴ ነው።»

የኔታ ሲዋሹ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ከዚያ ብዕሩን ተቀብለው በዚያ መልካም ጽሕፈታቸው ስማቸውን ጻፉ።

ቁስሉ ሲያምር ዳነ። ሐኪሙ በደስታ ጠዋት ማታ እየመጣ ያየው ነበር። ቤታቸው ገቡ፤ ሰው እንኳን አተረፈዎ እያለ ጎረፈ። እኔም በየመንገዱ ተመሰገንሁ፤ ገበያ ላይ የማላውቃቸው ሰዎች እጄን ጨበጡኝ፤ አንድ የጨርቅ ነጋዴ ሐጂ እንኳ ከሱቃቸው ወጥተው «አላህ ይስጥህ፣ ትልቅ ሰው አዳንህልን» አሉኝ። ሁሉንም አሜን እያልሁ ተቀበልሁ።

እሑድ እሑድ ከመቅደሱ ውጭ ከጥዱ ሥር ወንበር ይደረግላቸዋል። ቅዳሴው በድምፅ ማጉያ ይሰማቸዋል። የካህኑ ተራ ሲደርስ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ ድምፅ የለውም። ሰው እንዳያያቸው ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ይስባሉ። ያን አይቼ ወዲያ ማዶ መቆም ጀመርሁ።

ጉባኤውም ቀጠለ፤ እግር አያስፈልግም ብዬ አልነበር? ሦስቱ ተማሪዎች መጡ። አንድ ቅዳሜ እኔም ባለሁበት ንባቡ ስለ ፈቃድ ከሚናገረው ቦታ ደረሰ። «አንድም» የሚባልበት ቦታ ነው። ተማሪው አንብቦ ቆመ፤ የኔታ ጣታቸውን አላነሡም። መጽሐፉን ከልጁ ጭን ላይ ወስደው ከደኑት። «ይህን ሌላ መምህር ይንገራችሁ» አሉ። ተማሪዎቹ ተያዩ። ሌላ መምህር ከየት እንደሚያገኙ ግን የኔታ አልነገሯቸውም፤ በወሩ አንዱ ወደ ጎንደር ሄደ፣ ሁለቱ ትምህርቱን ተዉት። አንደኛውን አሁን ባጃጅ ሲነዳ አየዋለሁ።

እኔ ግን መሄዴን አልተውሁም። እንደ ድሮው ልከራከራቸው ሞከርሁ። ያችን «አህያዋን የፈጠርኋት እኔ ብሆንስ?» የምትል ጥያቄ እንደ አዲስ አነሣሁባቸው። «አንተ ታውቃለህ» አሉኝ። ክርክር ከጀመርን ወዲህ እንዲህ ብለውኝ አያውቁም። ቀስ በቀስ አማርኛውም ቀረ፤ ከልጃቸውም ከእኔም ከሐኪሙም ጋር በኽምጣና ብቻ ሆነ። እኔ ኽምጣና የምሰማው የዕለት ተዕለቱን ነው፤ ውኃ፣ ምግብ፣ ደህና ነህ ወይ። በዚያ ልክ ብቻ እንድነጋገር ሆንሁ።

አምስት ወር ኖሩ። ስኳሩ ኩላሊታቸውን እንደጨረሰው፣ ከዚህ በኋላ እዚህ የሚደረግ ነገር እንደሌለ ሐኪሙ ነገረን። ለአምስት ወር ነበር ያ ሁሉ። ልጃቸው ወደ ቤት ይዛቸው ገባች።

አንድ ረቡዕ ከትምህርት ቤት አስፈቅጄ ወጣሁ። ደክመዋል፤ ዐይናቸው ግን ንቁ ነው። ልጃቸው ውኃ ልትቀዳ ወጣች። መሬት ላይ ተንበረከክሁና በአልጋው ጠርዝ ላይ ግንባሬን አደረግሁ።

«የኔታ፣ ይፍቱኝ» አልሁ። «አባን የላክሁብዎ እኔ ነኝ። ያላስተማሩኝን አስተማሩኝ ብዬ ነው።»

ከወራት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ በአማርኛ ተናገሩ። የጉባኤው ድምፅ ነበር። ልቤ በደስታ ዘለለ፤ ሞኝ ነኝ።

«ወደህ ነው ያደረግኸው?»

መልሱን አውቀው ነበር። ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ እሳቸውም እንደማውቀው ያውቃሉ። የሚጠብቁት ይህችኑ ነበር፤ እጃቸው መስቀሉን ከትራሱ ሥር ፍለጋ ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ። ፈልጌ ነው ማለት ብቻ። ግን ፈልጌ ነው ካልሁ፣ ያን ጥዱን፣ ያን ወንበር፣ ድምፅ የሌለውን ከንፈር፣ የተከደነውን መጽሐፍ፣ ሁሉንም እያየሁ በገዛ እጄ እንዳደረግሁት መቀበሌ ነው። ያ ከበደኝ።

«ጨንቆኝ ነው የኔታ» አልሁ። «ሊሞቱብኝ ነበር። ምን ምርጫ ነበረኝ?»

እጃቸው ቆመ። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው መለሱ።

«እንግዲያ ጥፋት የለብህም» አሉ። «ጥፋት የሌለበትን ከምን እፈታዋለሁ? ሂድ።»

ልጃቸውን ደጃፍ ላይ ጀሪካኗን ስታወርድ አገኘኋት። ፊቴን አይታ ደነገጠች። «ምን አሉህ?» አለች።

«ጥፋት የለብህም አሉኝ።»

«እሰይ! ተመስገን!» ብላ አገላብጣ ሳመችኝ። «አየህ? ይቅር ብለውሃል። እኔኮ ቂም ይዘው እንዳይሞቱ ስፈራ ነበር።» አላረምኋትም።

ሐሙስ መሄድ ነበረብኝ። አልሄድሁም፤ ፈተና አለ አልሁ። ዓርብ ተበሳጭቼባቸው ዋልሁ፤ ሊሞት የደረሰ ሰው እንዴት እንዲህ ይጨክናል፣ አንዲት ቃል ምን ነበረች ብዬ። አንዲቷ ቃል የእኔ እንደነበረች የገባኝ ማታውን ነው። ቅዳሜ ጠዋት ሽቅቡን ወጣሁ። በልቤ ሳይሆን በድምፄ እየተለማመድሁ ነበር የምሄደው፤ «ፈልጌ ነው የኔታ። እያየሁ ነው ያደረግሁት። ብቻዬን መቅረት ፈርቼ ነው።» ከጎኔ ያለፉ ገበያተኞች ዞር ብለው አዩኝ። ድሮም በሦስተኛው ቀን ነበርና የምመለስ፣ ይጠብቁኛል ብዬ ነበር። የመጨረሻውን ዳገት ስጨርስ ከደብሩ በኩል የእድር ጥሩንባ ሰማሁ።

ከሰዓት ቀበርናቸው። አባ ከደሃና ደርሰው ነበር። ካህናቱ ፍትሐቱን አደረሱ፤ ሟች በሕይወት ሳለ ከታሰረበት ሁሉ እንዲፈታ የሚለመንበት ጸሎት ነው። ስለዚያች ለሐኪሙ «አዎ» ስላሏትም ተለመነላቸው ማለት ነው፤ ለማን ሲሉ እንዳሏት ከእኔ በቀር የሚያውቅ ባይኖርም። አፈሩ ሲመለስ ወደ ጉድጓዱ አፍ ተጠግቼ «ፈልጌ ነው» አልሁ፤ ይሰሙኝ ዘንድ ጮክ አድርጌ። አጠገቤ የቆመው ሰው ሐዘን ያናገረኝ መስሎት ትከሻዬን ያዘኝ። አባ መስቀላቸውን ዘርግተው ሕዝቡን «እግዚአብሔር ይፍታችሁ» ብለው አሰናበቱ፤ ሁሉም እየተሳለመ ወረደ። እኔ ሳልሳለም ቀረሁ።